ጋሽ ደምሴ ድስት ውስጥ የተዉት ምርኩዝ

ጋሽ ደምሴ አረፉ ሲሉኝ «የትኛው ደምሴ?» ብዬ ጠየቅሁ። የማውቀው አንድ ደምሴ ብቻ ነው። ቢሆንም ጠየቅሁ።

ጠዋት የደወለልኝ አጅማን፣ አል ጁርፍ ሰፈር አብሯቸው የሚኖር ሰው ነው። «ለቁርስ ልቀሰቅሳቸው ነካኋቸው፣ አልተነሱም» አለኝ። ትናንት ከሰዓት አብሬያቸው ነበርኩ። እየሳቁ ነው የሸኙኝ። እስካሁን ስልኬ ሲጮህ እሳቸው ይመስሉኛል።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ደምሴ ዱባይ፣ አል ባርሻ ለአንድ ቤተሰብ ብዙ ዓመት ሹፌር ነበሩ። ሹፍርናውን ሲተዉ እዚያው አል ጁርፍ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ጠባብ ክፍል ይዘው፣ እንጨት እያሽከረከረ በሚቀርጽ አሮጌ ቶርኖ እስክሪብቶ መሥራት ጀመሩ። እኔ ዱባይ ሙራቃባት ባለችው ሱቄ እሸጥላቸው ነበር።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ለስላሳ ወይም የበሰበሰ እንጨት ግን ቶርኖ ላይ ሲገባ ይፈረካከሳል። ስለዚህ እሳቸው መጀመሪያ እንጨቱን ኦቨን ውስጥ እስከ አጥንቱ ያደርቁታል። ቀጥሎ የመስታወት ክዳን ባለው ድስት ውስጥ፣ ሬዚን በሚባል ውሃ በመሰለ ፈሳሽ ያጠልቁታል። አየሩን በፓምፕ ሲስቡት እንጨቱ እንደ ተከፈተ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አረፋ ይተፋል። አረፋው ሲያበቃ ፓምፑን ያጠፋሉ፤ አየሩ የለቀቀውን ቦታ ሬዚኑ ሲሞላው ያድራል። በማግስቱ በፎይል ተጠቅልሎ ኦቨን ሲገባ ሬዚኑ እዚያው ውስጡ ይጠነክራል። በጣት የሚደቅ የነበረው እንጨት ቀንድ ሆኖ ይወጣል።

«ያልጠማው አይጠጣም» ይሉ ነበር። ርጥበት ያለው እንጨት ሬዚን አይቀበልም ማለታቸው ነው። እኔ ለሱቅ አዋልኩት። ደንበኛ ዕቃ አንስቶ ሲያመነታ አልጎተጉትም። ያልጠማው አይጠጣም። ከብዙ ምክር ይልቅ ይሄ አትርፎኛል።

ደግሞ የማይሳሳቱ ሰው አልነበሩም። አንድ ነሐሴ ከሻርጃ ሬዚን ገዝተን ስንመለስ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ብለው ማጠንከሪያውን እዚያው ደባለቁት። ጄሪካኑን መኪናው ኋላ ወንበር ላይ ትተን ምሳ ገባን። ስንወጣ ጄሪካኑ አብጧል፤ ውስጡ ያለው ድንጋይ ሆኗል። የዚህ አገር ነሐሴ ራሱ ኦቨን መሆኑን ረስተውት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ኖረው የዱባይን ፀሐይ አያውቋትም?» አልኳቸው።

በጣታቸው አንኳኩትና «ዋላሂ፣ እሱስ በደንብ በስሏል» አሉ።

አልጣሉትም። ከዚያ ወዲህ የክፍላቸውን በር ከንፋስ የሚደግፈው እሱ ነው።

ወደ ትናንት ልመለስ። ሰናይት የምትባል የቤት ሠራተኛ እህታችን አለች። ኮንትራቷ አልቆ በዚህ ሳምንት ጠቅልላ አገሯ ትገባለች። እናቷ ያረፉት እሷ እዚህ ሳለች ነው፤ መሄድ አልቻለችም። ወንድሟ የእናታቸውን ምርኩዝ ቆርጦ ቁራጩን በሰው ላከላት። የሰናይትን ልጅ ያሳደጉት እኚህ እናት ናቸው፤ ልጅቷ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ሰናይት ከልጅቷ አያት ምርኩዝ የተሠራ እስክሪብቶ ይዛላት መግባት ፈለገች።

ምርኩዙ ግን ምስጥ የጨረሰው ነው። ጋሽ ደምሴ ጠረጴዛው ላይ ሲያንኳኩት የካርቶን ድምፅ አወጣ፤ ዱቄትም አራገፈ። ለሁለተኛ ሙከራ የሚተርፍ እንጨት የለም። ሲያደርቁት ሰነበቱ። ትናንት ድስቱ ውስጥ ሊጨምሩት ሲሉ ደረስኩ።

«ይሄ ሙሽኪላ ነው፤ ጣጣ ያመጣል። ሌላ ጥሩ እንጨት ሠርተው ይስጧት፤ ማን ያውቃል?» አልኳቸው።

«አንተ ነጋዴ! ነገ ብትሞት ለእናትህ የሌላ ሰው አስከሬን ልከን ‹ማን ያውቃል› ብንልስ?»

«ከሞትኩማ ምን አገባኝ?»

«እሱም እውነት ነው» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሳያበቃ ምርኩዙን አጠለቁት። አረፋው እስኪቆም ሁለታችንም ክዳኑ ላይ አፍጥጠን ቆየን። «ኸላስ፣ በቃ ይደር። ነገ አበስለዋለሁ» አሉ።

ዛሬ ሰናይት ደወለች። አለቀሰች። ልትጠይቀኝ ያፈረችው ገብቶኛል።

«ምርኩዙ አለ። እኔ አበስለዋለሁ» አልኳት።

«ትችልበታለህ ወንድሜ?»

«እሳቸው ሲያደርጉ አይቻለሁ።»

ከዚህ በላይ ቃል መግባት አልፈለግሁም።

አስከሬናቸውን ወደ አገር ቤት ለመላክ ወዳጆቻቸው እየተሯሯጡ ነው። የበኩሌን አድርጌ ወደ አል ጁርፍ መጣሁ። ምርኩዙን በፎይል ጠቀለልኩ፤ የኦቨኑን ማዞሪያ እሳቸው ምልክት ባደረጉበት ላይ አዞርኩት። ይህን የምጽፈው ኦቨኑ ፊት ተቀምጬ ነው። ክፍሉ የሬዚን ሽታ አለው። መነጽራቸው ቶርኖው ላይ ነው፤ አላነሳሁትም።

አሁን አወጣሁት። ፎይሉን ፈትቼ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁና እንደሳቸው ጠረጴዛው ላይ አንኳኳሁት። የካርቶኑ ድምፅ የለም። ጥርት ብሎ ጮኸ። የምስጡ ቀዳዳ ሁሉ ይታያል፤ በጥፍሬ ብጭነው ግን አይደቅም። ቶርኖውን አልነካም፤ የማልችለውን አልነካም። ሻርጃ እሳቸው የሚያምኑት ቶርኖ ያለው አናጢ አለ፤ ነገ እወስድለታለሁ። ሰናይት ከመብረሯ በፊት ይደርሳል።

ጋሽ ደምሴ፣ ጠጥቷል።

ያን የድንጋይ ጄሪካንዎን ለሱቄ በር ወስጄዋለሁ፤ ይቅርታዎን አልጠይቅም። ምርኩዙም እርስዎም በሌላ ሳትለወጡ አገራችሁ ትገባላችሁ። ደህና ይግቡ ጋሼ።