ኮምፒውተሩን ያሸነፍንበት ጾም

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልጄን መናኸሪያ አጠገብ ባጃጅ ገጫት። የቀኝ ጭኗ አጥንትና የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ተሰበሩ። ጭኗ ውስጥ ብረት ገባ፤ እጇ በጄሶ ታሰረ፤ ነፍሷ ተረፈች። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ምስጋና ነው።

ሐኪሙ አጥንቱ በደንብ መያያዝ መጀመሩን ነገረን። የቀረው ተነሥታ መራመዷ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ከፋሲካ በኋላ ለሚጀመረው ምዝገባ በእግሯ ካልደረሰች ዓመቱ ያልፋታል።

እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መዋል ጀመረች። መጽሐፍ አመጣሁላት፤ አልገለጠችውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላፕቶፗን ጠየቀችኝ። ደስ ብሎኝ አቀረብኩላት። የከፈተችው የጦርነት ጨዋታ ነበር።

በየቅዳሴው ስለ ሰላም የምንለምን ሰዎች ነን። ታንክ ቤቴ ውስጥ ሲያጓራ መስማት ደስ አላለኝም። በግራ እጇ ከማውሱ ጋር ስትታገል ሳይ ግን ወንበር ሳብኩ።

«እማ፣ አንቺ እጄ ሁኚ። እኔ አዛዥ ነኝ።»

«እኔ እናትሽ ነኝ።»

«እዚህ ውስጥ ተራ ወታደር ነሽ።»

እየሳቀች ነበር። ከአደጋው ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ወታደር ሆንኩ።

ወንዝ አለ፤ በላዩ አንድ ድልድይ አለ። ማዶ ያለው ጠላት ሰው ሳይሆን ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ተሸነፍን። በኋላ ግን ጸባዩን ለየሁት። አይታክትም፤ አይማርምም። ሁልጊዜ የሚመጣው በድልድዩ ነው። ጦሩን አይሰበስብም፤ አንድ ታንክ በተሠራ ቁጥር ብቻውን ይልከዋል። ከፊቱ ያገኘውን ሁሉ ይከተላል። ስለዚህ መድፎቻችንን ከጉብታው ጀርባ ደብቀን አንዲት ያረጀች የጭነት መኪና ድልድዩ ፊት አቆምን። ታንኮቹ እሷን ሊይዙ አንድ በአንድ ሲመጡ መድፎቹ በጎን መቷቸው።

ደግሞም ቁስለኛውን አይመልስም፤ እስኪያልቅ ይልከዋል። እኔ እንደዚያ ማድረግ አልቻልኩም። ከወታደሩ ራስ በላይ ያለው አረንጓዴ መስመር ሲያጥር ወደ ሕክምናው ድንኳን እመልሰዋለሁ።

«እማ፣ ይሄ ጦር ሠፈር ነው ወይስ ጸበል ቦታ?»

«ሲድኑ ይዋጋሉ።»

እውነትም የዳኑት ከአዲሶቹ ይበረቱ ነበር። ልጄ ሳትወድ በግዷ አመነች።

የንስሐ አባቴ ሊጠይቋት ሲመጡ ጨዋታውን መደበቅ አልወደድኩም።

«አባቴ፣ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?»

ስክሪኑን ቆም ብለው አዩ። «ያ ማዶ ያለው ነፍስ አለው?»

«የለውም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው በጸሎት ሰዓት አትጫወቱ።» ለመሄድ ተነሡና ዞር አሉ። «በግራ በኩል ያለው መድፍ ሥራ ፈትቷል።»

ልጄ ትራሱን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ከደብረ ዘይት በኋላ የእጇ ጄሶ ተፈታ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጥታ በቀን ሦስት ጊዜ በክራንች እንድትራመድ አዘዘች። እዚህ ላይ ጥፋቴን መናገር አለብኝ። ቤታችን አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ጠያቂ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። በሽተኛ ደግሞ ተኝቶ ነው የሚጠየቀው። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ልጄን አስተኝቼ ጋቢ አለብሳታለሁ። ሁሉም «አታንቀሳቅሷት፣ ከበዓል በኋላ ይደርሳል» ይላል። ሦስቱ ጊዜ አንድ ሆነ፤ ከዚያ እሱም ቀረ። እኔ መንከባከብ ነው እል ነበር። ፈርቼ ነው።

አንድ ቀን ከባዱን ደረጃ ስንጫወት ድልድዩ ላይ ያለው ጦር ሳሳ።

«እማ፣ ድንኳኑ ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«አሥራ ስድስት።»

«ስንቱ ቆስሏል?»

አየሁ። የሁሉም መስመር ሙሉ ነበር። «ትንሽ ይረፉ ብዬ ነው» አልኳት።

«ድነዋል እኮ!»

ድልድዩ ተያዘ። ትስቅብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችኝ። «ክራንቹን አቀብዪኝ» አለች።

በዚያው ቅጽበት በሩ ተንኳኳ። እጄ ወደ ጋቢው ሄዶ ነበር፤ መለስኩትና ክራንቹን ሰጠኋት። ጎረቤታችን ብርቱካን ይዘው ሲገቡ ልጄ ቤቱ መሐል ቆማ ላቧ ይንጠባጠባል።

«ውይ! ምነው ልጄ፣ ለምን ተነሣሽ?»

«እየተራመድኩ ነው፣ እትዬ። እርስዎ ይቀመጡ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠያቂ ኖረም አልኖረም በቀን ሦስቴ ተራመደች። ከሆሣዕና በፊት በጨዋታውም የዳነውን ሁሉ ከድንኳን አስወጥተን ድልድዩን ተሻገርን፤ ኮምፒውተሩን አሸነፍነው። ጨዋታውን ማን እንደሠራው አላውቅም። የክርስትና ስሙን ስለማላውቅ «ያንን ሰው» እያልኩ በጸሎቴ አስበዋለሁ።

የምዝገባው ቀን እስከ ዩኒቨርሲቲው በር በባጃጅ ሸኘኋት። አንድ ክራንች ይዛ ገባች። ከበሩ እስከ ሕንፃው ያለው መንገድ ለእሷ ረጅም ነው። ልከተላት አልኩና ተውኩት። ዛፎቹ ከለሏት። ብዙ ቆይታ ደወለች።

«እማ፣ ሰልፉ አያልቅም፤ አንቺ ወደ ቤት ሂጂ።»

«ቆመሽ ነው?»

«ቆሜ ነው።»

እዚያው የባጃጅ ተራው አጠገብ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አማተብኩ።