በዜማ የተማርኩት እንግሊዝኛ

ፈሪ ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ዳባት እንግሊዝኛ ባስተማርኩበት ዘመን ያልፈራ መምህር ካለ ግምገማ ያልደረሰበት ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ አምቢኮ ነበር፤ ከራስ ዳሽን ስር ያለው መንደር። አገሩ ክፉ ሆኖ አይደለም። ማስተማሬ ከመመሪያው ጋር ካልገጠመ ወደዚያ እንደምዛወር ተነግሮኛል። እናቴ ደግሞ ዓይኗ ጠፍቶ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ያን ሁሉ ተራራ በበቅሎ ልታልፈው አትችልም፤ ትቻት ብሄድም ውሃ የሚያቀብላት የለም።

ጥፋቴ በዜማ ማስተማሬ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ እኔም እንግሊዝኛውን ያጠናሁት እንደ ውዳሴ ማርያም እየተወዛወዝኩ ነው። አክሴፕት መቀበል፣ ኤክሴፕት በስተቀር፤ ድምፃቸው ተቀራራቢ፣ ፍቺያቸው ለየቅል። እኔ መነሻውን ስሰጥ ልጆቹ ይቀበሉኛል፣ እንዲህ የያዙትንም አይረሱትም። አዲሱ መመሪያ ግን ተማሪ በቡድን ይወያይ እንጂ እንደ ዳዊት አይድገም ይላል።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ አንድ ረፋድ ከዞን የመጣው ሱፐርቫይዘር ሳይታሰብ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። ልጆቹን በጥድፊያ በቡድን በቡድን አደረግኳቸው። መወያየት መቼ ለምደው፤ መነሻውን እንድሰጣቸው እኔን ያያሉ። ሱፐርቫይዘሩ ጥቂት ጠብቆ፣ ሁለቱ ቃላት በምን እንደሚለያዩ እስኪ ራሴ በምሳሌ እንዳስረዳ ጠየቀኝ።

ለካ ያለ ዜማ ተናግሬው አላውቅም። ነገሩ ሆዴ ውስጥ አለ፣ አልወጣ አለኝ እንጂ። ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። እናቴ ግድግዳ እየዳበሰች በሩን ስትፈልግ ታየችኝ፤ ይህችን ሴት ለማን ነው የምተዋት አልኩ በልቤ።

ዓይኔን ጨፍኜ በዜማ ጀመርኩት። ልጆቹ ከአፌ ነጠቁኝ፤ ቃሉን ከነፍቺው፣ ፍቺውን ከነምሳሌው ክፍሉ እስኪናጋ ዘለቁት። ዝም በሉ ብዬ በእጄ ብለምን ማን አይቶኝ። አለቀልኝ፣ አምቢኮ ገባሁ አልኩ።

ሱፐርቫይዘሩ ወደ ውጭ ጠራኝ። ተከተልኩት። ግራ ቀኙን አየና የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። አባቴን ያውቃቸው ኖሯል፤ እሱም በልጅነቱ ዳዊት የደገመው እሳቸው ዘንድ ነው።

«ከእንግዲህ መስኮቱን ዝጋ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሚመጣው ሳምንት ከአለቆቼ ጋር ነው የምመጣው። ያን ዕለት ልጆቹ ይወያዩ። የሚወያዩትን ከዛሬ ጀምረህ አስጠናቸው።»

«እንዴት አድርጌ ላስጠናቸው?» አልኩት።

«በዜማ አስጠናቸዋ።»

አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም። ልጆቹ በሳምንቱ እያንዳንዷን ቃል ሳይስቱ ተወያዩ። አምቢኮ ሳልሄድ ቀረሁ፣ እናቴም ኋላ ዳባት ላይ በእጄ አረፈች። ሱፐርቫይዘሩ ከአለቆቹ ጋር በመጣበት ዕለት ሲሰናበተኝ የጨበጥኩት እጁ ግን ከእኔ እጅ ይልቅ በላብ ርሶ ነበር። ለካ እሱም የራሱ አምቢኮ ነበረው።