ስሙን ሳይጠሩ የማይገኝ ማንኪያ

አያቴን ሁላችንም አቦይ ነበር የምንላቸው። ዕድሜያቸውን እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ እንዳ ኢየሱስ ሰፈር ያለው ቤታችን መማሪያ ክፍል ሆነላቸው። ማዕድ ላይ ማንኪያ የፈለገ ሰው በእንግሊዝኛ፣ ያውም ‹ኤ›፣ ‹አን› ወይም ‹ዘ› የሚለውን በትክክል አስቀድሞ ካልጠራው አያገኝም ነበር።

እናቴ አንድ ቀን «ኤ ኤግ» አለቻቸው። የተቀቀለውን እንቁላል ወደ ደረታቸው መለሱት።

«ኧረ አቦይ፣ ርቦኛል!»

«‹አን› በይና ብዪ፣ ጓለይ፣ ልጄ። እንቁላሉ የትም አይሄድም።»

ሳቃችን ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

የአክስቴ ልጅ ምሕረት ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች። ጦርነቱ የትምህርት ዓመቶቿን በልቶባታል፤ የጎደለውን የሚሞሉላት አቦይ ነበሩ። እኔ ግጥም መጻፍ ብሞክርም እንግሊዝኛዬ ከእርሷ አይሻልም። አሁን አቦይን ቀብረናል፣ ድንኳኑም ፈርሷል። ፈተናው ግን እየቀረበ ነው።

ዛሬ ጠዋት ግቢ ውስጥ ልብስ ስናጥብ ምሕረት «ኤ ሶፕ» ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። ትክክል ይሁን ስሕተት አላወቅሁም። አቦይ የሚቀመጡባት ከመስኮቱ ሥር ያለችው ቦታ ባዶ ናት፤ ማንን ልጠይቅ? ሳሙናውን ዘረጋሁላት።

አልተቀበለችኝም። ዐይን ዐይኔን ታየኛለች።

«ያዢው እንጂ» አልኳት።

«ልክ ነኝ?»

«እኔንጃ፣ ምሕረትዬ።»

«አቦይ ቢሆኑ ዝም ብለው አይሰጡኝም ነበር» አለችና ሳሙናውን እጄ ላይ ትታ ወደ ቤት ገባች።