«ፊልም ነው» ያልኩበት ቅዳሜ

ነገሩ የሆነው አምና ጥር ላይ፣ እዚሁ አሰላ ነው። ዓመት አልፎት እንኳ ቴሌቪዥን በከፈትኩ ቁጥር ይመጣብኛል። አንዲት ቃል ተናግሬ አፈርኩባት፤ ማፈሬም እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

መምህርት ነኝ። ትውልዴ ደብረ ብርሃን ነው። አሰላ ተመድቤ ስመጣ እትዬ አስካለ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያላቸው አንድ ልጅ ታምራት ነበር፤ እሱም ወታደር ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ «ሰብሊ፣ ምሳ በልተሻል?» ሳይሉ አያሳልፉኝም ነበር። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ምስጢር ሆዴ ውስጥ አያድርም፤ ይህንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ያን ቅዳሜ ጠዋት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደምሴ ከበር አስጠርተው ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ታምራት አርፏል» አሉኝ። አብሮት የዘመተ ጓደኛው ነው ደውሎ የነገራቸው። ክው ብዬ ቀረሁ።

«የአስካለ ወንድም ከጢቾ እስኪደርስ መርዶው ለነገ ማለዳ ተይዟል» አሉኝ። «ዛሬ ከግቢ እንዳትወጣ፣ ስልክም እንዳታነሳ። እህል ትቅመስ። አደራሽን ልጄ፣ ዛሬ እንኳ አፍሽን ሰብስቢ!»

ደንባችን ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ፣ ባዶ ሆዱን መርዶ አይሰማም። እኔም በዚሁ ነው ያደግኩት። ግን ያን ምስጢር ይዞ ከሐዘኑ ባለቤት ጋር መዋል እንዲህ እንደሚከብድ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

«ስልክዎን ቻርጅ ላድርግልዎ» ብዬ ከእትዬ አስካለ ተቀበልኩና አጠፋሁት። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ጨጨብሳ በቅቤ ሠርተው መጡ። ለእሳቸውም ተነግሯቸዋል። «ብዪ እንጂ አስኩ፣ ምነው ዛሬ ቆጠብሽ?» እያሉ ያጎርሷቸዋል። እትዬ አስካለ «ኧረ በቃኝ! ለበዓል ነው እንዴ የምትቀልቢኝ?» ብለው ሳቁ። አዴ ፋጡማ ለመሳቅ ሞከሩና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ማለት ጀመሩ። የማደርገው ጠፋኝና «ኧረ ይደር! ዛሬ እኔ ጋ ቴሌቪዥን እንይ» ብዬ እጃቸውን ጎተትኩ። ስከፍተው ወደ አማርኛ የተተረጎመ ፊልም ነው፤ ያውም የጦርነት። ጥቁር ወታደሮች ለነጮች አገር ሊዋጉ ባሕር ተሻግረው ሄደዋል። ዛሬን ጠብቆ! ቻናል ልቀይር ሪሞቱን ብጫን ብጫን እምቢ አለኝ፤ ባትሪው ደክሟል።

«ተይው» አሉ እትዬ አስካለ። «እነዚህ የኛን ልጆች ይመስላሉ። ልያቸው።»

አዴ ፋጡማም አብረውን ተቀመጡ። ጋሽ ደምሴ ሁኔታውን ሊያዩ ጎራ ብለው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አረፍ አሉ። ሁሉም አስተያየት አለው። አዴ ፋጡማ «ያ ረቢ! በሰው ጠብ ምን ጥልቅ አደረጋቸው? ሲመለሱ እንደሆን አብሯቸው ማዕድ የሚቀርብ የለ!» ብለው ተቆጡ። ጋሽ ደምሴ ድሮ ወታደር ነበሩ። «ጫማቸውን እዩት፣ ጭቃ አልነካውም። ይህንን የሠራ ሰው ምሽግ ውስጥ አድሮ አያውቅም» አሉ። እኔ ዝም። እትዬ አስካለ ዞር ብለው ዝምታዬን አዩት።

ውጊያው እሳቸውን አልሳባቸውም። አንዱ ወታደር ለእናቱ ደብዳቤ ሲጽፍ ግን ወደ ፊት ጠጋ አሉ። «ጎሽ፣ አይረሳትም። የኔም በየሳምንቱ ይደውላል፤ አሁን ነው ሁለት ሳምንት የጠፋብኝ» አሉ።

ከዚያ ያ ልጅ ወደቀ። ቀጥሎ የታየው የእናቱ በር ነው። በጠራራ ፀሐይ አንድ መኮንን ብቻውን መጥቶ አንኳኳ። ባርኔጣውን አወለቀና እዚያው ደጃፍ ላይ ነገራት። ሴትየዋ አልጮኸችም። በሩን ዘግታ ተመለሰችና ድስቷን ማማሰል ቀጠለች።

ሪሞቱን ደግሜ አነሳሁ።

«አትንኪው» አሉኝ እትዬ አስካለ።

«ነውር ነው!» አሉ ጋሽ ደምሴ። «እንዲህ ያለ መርዶ አለ? ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ የሚይዛት ሰው ሳይኖር!»

«ጎረቤት የላትም እንዴ?» አሉ አዴ ፋጡማ እንባቸውን እየጠረጉ። ለፊልሙ ያለቀሱ አስመሰሉት።

«እኔስ ወደድኩለት» አሉ እትዬ አስካለ ቀስ ብለው። «ሰውየው ከሰው ሁሉ በፊት ለእሷ ነገራት። እኛ ዘንድ እናት መጨረሻ ነው የምትሰማው። ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ እሷ ትጎርሳለች፣ ትስቃለች። እኔም ስንቷን አጉርሼ መርዶ አርድቻለሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ሰብሊ፣ ምን ትያለሽ? ዛሬ ምን ዘጋሽ?»

የጠየቁኝ ስለ ፊልሙ እንዳልነበረ አውቄያለሁ። ያን ጊዜ እጃቸውን ይዤ ማልቀስ ነበረብኝ። የጋሽ ደምሴ አደራ ያዘኝ።

«ፊልም ነው እኮ፣ እትዬ» አልኩ።

«እሺ» አሉ። «ፊልም ነው።»

ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። እትዬ አስካለ «ደክሞኛል፣ ልተኛ» ብለው ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። እኛም እፎይ አልን። አዎ፣ እፎይ አልን!

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ደምሴ፣ ከጢቾ የመጡት የእትዬ አስካለ ወንድምና የእድሩ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። እኔና አዴ ፋጡማ ከኋላ ነበርን። የእትዬ አስካለ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቤት ውስጥ ያለው አግዳሚና ወንበር ሁሉ በዙሪያው ተደርድሯል። እሳቸው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው መሐል ተቀምጠዋል። ዓይናቸው አብጧል። ጋሽ ደምሴ ያዘጋጁት ንግግር ጠፋባቸው።

«ግቡ፣ ውጭው ብርድ ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «እኔ ሌሊቱን ብቻዬን አልቅሼዋለሁ። አሁን ደግሞ አብራችሁኝ አልቅሱ።»

ያኔ እሪታው ቀለጠ። በእሳቸውና በእኔ ክፍል መካከል አንድ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ምንም አልሰማሁም ነበር። እንዳልሰማ ብለው ድምፃቸውን አፍነው አልቅሰዋል። ብቻቸውን እንዳይሰሙ ብለን ደበቅናቸውና ብቻቸውን አስለቀስናቸው።

ደንቡን አልጠላሁትም። እሳቸው ሲወድቁ ያነሳቸው ያ ሁሉ እጅ ነው፤ አርባው እስኪወጣም ቤታቸው ሰው አልጎደለበትም። ግን ያን ቅዳሜ ጠይቀውኝ ነበር። ያ የማያርፈው አፌ መናገር በነበረበት ቀን ዋሸ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ «ምሳ በልተሻል?» ማለቱን ግን ተዉት።

ባለፈው ወር ያ ፊልም ተደግሞ ሲታይ እስከ መጨረሻው ብቻዬን አየሁት። በነጋታው እትዬ አስካለ በረንዳ ላይ ስንዴ ሲለቅሙ አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። «ያቺ እናት እንዴት ሆነች?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

ልዋሽላቸው አማረኝ። አልዋሸሁም። «ፊልሙ ወደ እሷ አልተመለሰም፣ እትዬ። ሰልፍና ባንዲራ አሳይቶ አለቀ።»

«ምስኪን» አሉ። «ማን አጠገቧ ነበር ታዲያ?» ከሰፌዱ ላይ ጠጠር ለቅመው ጣሉና ቀና ብለው አዩኝ።

«ምሳ በልተሻል?»

እንባዬ መጣ። «አልበላሁም» አልኳቸው።