በስምንተኛው ወር የተነቀለ የዱር ሽንኩርት

ማለዳ፣ ኖርክሮስ

ከቤት የወጣሁት የባለቤቴን የመንገድ ደብተር በቦርሳዬ ይዤ ነው። ታደሰ አገር ቤት የእርሻ መምህር፣ እዚህ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ጊዜ አብሬው ስጓዝ፣ ዩታ በረሃ ውስጥ ገደል ሥር ቆመን የዱር ሽንኩርት ነቀለ። በጋዜጣ መሀል አድርቆ፣ የደረቁ ዕፅዋት ለሚያስቀምጥ ኮሌጅ ላከው። ባለፈው ክረምት ካረፈ በኋላ መሳቢያው ውስጥ ከኮሌጁ የመጣ የቆየ ደብዳቤ አገኘሁ፦ ሽንኩርቱ የተነቀለበት ቀን አጠራጣሪ ስለሆነ፣ ማስረጃ ካልመጣ መዝገቡ ከዝርዝሩ ይወጣል። ለእኔ አልነገረኝም ነበር።

ልጄ ዳዊት ኤርፖርት ሲያደርሰኝ፣ “እማዬ፣ ለአንድ ሽንኩርት? ዲኬተር ገበያው ሞልቶ የለ? ደብተሩን ስካን አድርጌ ልላክልሽ” አለኝ።

“ራሴ አሳያቸዋለሁ” አልኩት።

ከቀትር በኋላ፣ ዩታ

ከአውሮፕላን ወርጄ አራት ሰዓት በአውቶቡስ ሄድኩ። ቀይ ድንጋይና የደረቀ ወንዝ ብቻ። በአሥራ አራት ዶላር የገዛሁትን ሳንድዊች ግማሹን ተውኩት።

በማግስቱ፣ ኮሌጁ

ኃላፊዋ ሽበታም ሴት ናት። ከብረት ቁም ሳጥን አንድ ወረቀት አወጣች። አንዲት ራስ ሽንኩርት ከነአበባዋ ተለጥፋለች፤ ገለባ መስላለች፣ ሽታም የላትም።

“በስምንተኛው ወር ተነቀለ ይላል” አለችኝ። “ይህ ሽንኩርት ኦገስት ላይ አያብብም።”

ከሥሩ ያለው ጽሑፍ የእኔ ነው። እሱ ሲነቅል እኔ ጻፍኩ፤ 25/8። በእኛ ስምንተኛው ወር ሚያዝያ ነው፤ እሱን ማለቴ ነበር። ዓመቱንም በእኛው አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ በእነሱ ሲነበብ ገና አዲስ አበባ ነበርን።

አስረዳኋት። ደብተሩ ላይ የዚያን ቀን የነዳጅ ደረሰኝ ተለጥፏል፤ ሜይ 3 ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

“አሁን ልክ መጣ። ከዝርዝሩ አይወጣም።”

“የእኔን ይፍቁታል?”

“አንፍቅም። እርማቱ ከጎኑ ይለጠፋል።”

ቦታውን ላየው እንደምፈልግ ነገርኳት።

“መንገድ ወጥቶበታል” አለች። “ከዚያ ቦታ የቀረን ይኸው ነው።”

መመለስ

ዳዊት፣ “ተሳካ?” አለኝ።

“ተለጠፈ።”

ይህን ማስታወሻ ስጨርስ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍኩ፤ የተማርኩት ይህንን ነው። ለታደሰ ግን በጊዜ አልደረሰም። እሱ የአበባውን ወር የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ደብዳቤውን ሲያነብ የማን ስህተት እንደሆነ ሳይገባው አልቀረም። “ቀኑን የጻፈችው ባለቤቴ ናት” ብሎ ቢጽፍላቸው ያልቅ ነበር። አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቁርሱን በላ።