ሦስት ስም ያለው ድንች

ባለፈው እሑድ ለእናቴ ድንች ቀቅዬ ሳቀርብላት ቀመስ አደረገችና ሳህኑን ገፋ አድርጋ «አሻቦ» አለችኝ። አልገባኝም፤ ደግማ ስትለኝ ተቆጥታ ነበር። ለአክስቴ ደውዬ ብጠይቃት በእነሱ አገር፣ በሐረርጌ ኦሮምኛ፣ ጨው ማለት ነው አለችኝ። ጨዉን ስነሰንስ የድንቹ እንፋሎት ፊቴን ሲመታኝ ልጅ ሆኜ ወደፈራሁበት ኩሽና ወሰደኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ ሮቢንስዴል ከተማ ካለው ሥራዋ እስክትመለስ ከትምህርት ቤት በኋላ የምቆየው በስደት በምንኖርበት በሜፕልዉድ ጎረቤታችን ከነበሩት ጀርመናዊት አሮጊት፣ ከሚስ ሄልጋ ጋር ነበር። ድንች ሲልጡ ወሬያቸውም ድንች ነው። በትምህርት ቤት የተማሩት ስም ካርቶፍል ሲሆን፣ ከጣሊያኖች የመጣ፣ መሬት ውስጥ ለሚበቅል የእንጉዳይ ዓይነት የተሰጠ ስም ነበር አሉኝ። የደቡብ ጀርመን ሰው የነበሩት ባላቸው «የመሬት ፖም» ይሉታል፤ በሚስ ሄልጋ እናት መንደር ግን ግሩምቤር ነው፣ ፒር ከሚባለው ፍራፍሬ፣ የመሬት ፒር እንደማለት። ባልና ሚስቱ በዚህ ዕድሜ ልካቸውን ተነታርከው አልተሸናነፉም፤ ባልየው ከሞቱ በኋላም ሚስ ሄልጋ ክርክሩን አላቆሙም።

አንድ በረዷማ ከሰዓት በኋላ ድንቹን አንሥቼ «ፖቴቶ» ብላቸው ትክ ብለው አዩኝ። ካርቶፍል አልኳቸው፤ እሱም ጠፍቷቸዋል። በፍርሃት ግሩምቤር ስላቸው ሳቁና ጉንጬን ሳሙኝ፣ ከዚያም በመንደራቸው ቋንቋ ማውራት ጀምረው አላባራ አሉ። ስደውልለት ልጃቸው በቅርብ ካለችው ከዉድበሪ እየከነፈ መጣ። ፀጉሩ የሸበተ ትልቅ ሰው ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ለእናቱ በእንግሊዝኛ ሲመልስ ያደገ። ጥቂት ካዳመጣቸው በኋላ እኔ ፊት በርከክ ብሎ፣

«እባክሽ፣ ምን እያለችኝ ነው?» አለኝ።

እኔ የማውቀው ድንቹን ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ እናቴ እስክትመጣ አልወጣሁም።

እናቴ እኔን ያሳደገችኝ ከአባቴ ጋር በምትግባባበት በአማርኛ ነው፤ ኦሮምኛዋ ከእህቷ ጋር በስልክ የምታወራበት ነበር፣ እኔም ልማር ብዬ አላውቅም። የመርሳት ሕመም ከያዛት ወዲህ መጀመሪያ እንግሊዝኛዋ ካቻምና ጠፋ። አሁን አማርኛዋ እየሳሳ ነው። እፈራለሁ፤ እናቴ በሕይወት እያለች፣ እጇን እንደያዝኩ እንዳላጣት እፈራለሁ።

ባለፈው እሑድ ድንቹን በልታ ስትጨርስ እጄን ያዘችና በኦሮምኛ ረጅም ነገር ጠየቀችኝ። ጥያቄ መሆኑን ከድምፅዋ አውቄያለሁ፤ መሃል ላይ ስሜን ጠርታለች። ዓይን ዓይኔን እያየች ስትጠብቅ ጨነቀኝና «እሺ፣ እማዬ» አልኳት። እጄን ለቀቀችና አለቀሰች። ሮጬ ለአክስቴ ደወልኩ። «ምን ብላ ጠየቀችሽ?» ስትለኝ፣ ከስሜ በቀር አንድም ቃል ልደግምላት አልቻልኩም።