ሶፋ ሠሪው ሱቁን እንዴት እንደለቀቀ

በዚያ ሰፈር ሶፋው የተቀደደበት፣ የወንበሩ ሞላ ከታች የሚወጋው ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ አንድ ሰው ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ እምብዛም የለም፤ ሰዉ የሚጠራው «አፈ ሚስማር» እያለ ነው። ስሙን ያተረፈለት ሥራው ነው። ሌሎቹ ሶፋ ሠሪዎች ሚስማር በአየር የሚተኩስ ማሽን ከገዙ ቆይተዋል። እሱ ግን ጥቃቅኑን ሚስማር በእፍኙ ወደ አፉ ይሰድና በምላሱ አንድ አንድ እያወጣ፣ በግራ እጁ ጨርቁን ወጥሮ በቀኙ ይመታል። አፉ ሙሉ ስለሆነ አይናገርም። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀው በጣቱ ያሳያል፤ ሲከራከረው ራሱን ይወዘውዛል፤ ሲለምነው ትከሻውን ሰበቅ ያደርጋል። ክፋቱ፣ አፉ ውስጥ ያለው ሚስማር ካለቀም በኋላ የሚናገረው ያንኑ ያህል ነው።

ሱቁ የባለ አንድ ፎቅ ቤት ምድር ቤት ነው። ከላይ የሚኖሩት የቤቱ ባለቤት እትዬ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ቀልድ የሚወዱ ሴትዮ። ልጃቸው አግብቶ ከወጣ በኋላ ብቻቸውን ነበሩ። ውሉ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው። ቀኑ ሲደርስ እትዬ ወረቀቱን ይዘው ደረጃውን ይወርዱና በሩ ላይ ቆመው «እህስ? ዘንድሮም ልትደበድበን ነው?» ይሉታል። እሱ ፈገግ ይላል፣ እጁን በሽርጡ ይጠርጋል፣ ይፈርማል። ሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ሆኖ ነው የኖረው። ኪራይ አንድ ቀን አላሳለፈም፤ እሳቸውም አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩትም።

ከዕለታት አንድ ቀን እትዬ ታመሙ። ልብ ነው ተባለ። ከሆስፒታል ሲመለሱ አልጋቸው በመንገዱ በኩል ወዳለው ክፍል ተዛወረ፤ ይኸውም ልክ ከሱቁ በላይ ማለት ነው። ሶፋ ሠሪው ይህን ሲሰማ መዶሻውን አስቀመጠና ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። የታመመች ሴት ከታች እየተቀጠቀጠባት እንዴት ትተኛለች? ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚመታ ሥራ ያለበትን የሶፋ አፅም ሁሉ በጋሪ እየጫነ ከገበያው ጀርባ ወዳለው አናጢ ወዳጁ ግቢ መውሰድ ጀመረ። ሱቁ ውስጥ የቀረው ጨርቅ መቁረጥና መስፋት ነው፤ እሱንም የስፌት መኪናው ድምፅ ወደ ላይ እንዳይወጣ በሩን ገርበብ አድርጎ። ሥራው ተጓተተ፣ ደንበኛም አጉረመረመ። ቢሆንም ለማንም ትንፍሽ አላለም። ለሰው ያደረጉትን መልካም ነገር መናገር ማስከፈል ይመስለው ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የዚህ ሰውዬ ዝምታ ግን ነቅዟል።

እትዬ ውለው አድረው ተሻላቸው፣ ከአልጋ ተነሡ። እሱ ግን «ልብ ነገር አይታመንም» ብሎ አሁንም መዶሻውን ወደ ሱቁ አልመለሰም። የውሉ ማብቂያ ሲቃረብ ወረቀት ይዞ የወረደው ልጃቸው ሆነ። ጨዋ ነው፣ ቢሮ የሚሠራ፣ ከትልቅ ሰው ጋር ሲነጋገር እጁን የሚያጣምር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለው። «ዘንድሮ ውሉን አናድሰውም። እማዬ ናት እንዲህ የወሰነችው። ሁለት ወር ጊዜ አለዎት። የሚሉት ነገር ካለ ግን...»

ልጁ ጠበቀ። በሶፋ ሠሪው አፍ ውስጥ ያን ዕለት አንድም ሚስማር አልነበረም። እሱ ግን ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ «እሺ» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። እስቲ አሁን ይህ ሰው ምን ይባላል?

ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ቤቱን የምታስተዳድረው ያሳደጋት የወንድሙ ልጅ ናት። ጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ስለሆነች አፏ እንደ መቀስ ነው፤ እሱ ያልተናገረውን ሁሉ ተናግራ ትጨርስለታለች። ማታ ነገሩን ሲነግራት ያቀረበችለትን ሳህን መልሳ አነሣችው።

«እሺ አልክ? ለምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ እሺ አልክ?»

«ቤቱ የእሳቸው ነው። ሰው ቤቱን ቢፈልግ ምን ይባላል?»

«ብዙ ይባላል! ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። መጀመሪያ ወጥተህ ምክንያቱን ጠይቅ። ኪራይ አንሷቸው ከሆነ ልጨምር በል። ካልሆነም ሌላ ቦታ እስካገኝ ጥቂት ወር ስጡኝ በል፤ ደብዳቤውን እኔ እጽፍልሃለሁ። ውሉ ካለቀ በኋላ አንተ እዚያው ሆነህ ኪራይ ከተቀበሉህም ውሉ እንደታደሰ ሊቆጠር ይችላል፤ ቢሮ ስንቱ ሲከራከርበት ነው የማየው።»

«ከእትዬ ጋር ልካሰስ ነው?»

«ማን ተካሰስ አለህ? ሽማግሌ ላክ። እሺ ይሄ ሁሉ ይቅር፤ ወለሉን ሲሚንቶ ያስደረግከው አንተ፣ በሩን የቀየርከው አንተ። እሱንስ ዝም ልትል ነው?»

«ወለሉን የረገጥኩትም እኔው ነኝ» አላት።

ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሳህኑን መልሳ አቀረበችለት። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል አሉ» አለችው ቀስ ብላ። «ያንተ የሚቀረው ሱቅህ ነው ጋሼ። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ውጣና ጠይቃቸው። ለእኔ ስትል።»

ለእሷ ሲል ወጣ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ሃያ ዓመት ከሥሩ ሲሠራ የኖረበትን ደረጃ ወጣ። መካከል ላይ ሲደርስ በሩ ክፍት ነበርና የእትዬ ሳቅ ተሰማው። ከልጃቸው ጋር እያወሩ ነው፤ ምን እንደሚሉ ባይሰማውም ሳቁ ከልብ ነው። እሱ ያ ወረቀት ከመጣ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቶ እሳቸው እንዲህ መሳቃቸው አንጀቱን አሳረረው። «ደስ ብሏቸዋላ፤ ተገላገሉኝ» አለ በሆዱ። እጁን የደረጃው እንጨት ላይ እንዳሳረፈ ጥቂት ቆመና ተመልሶ ወረደ። ለወንድሙ ልጅ «ተኝተዋል» አላት። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ስታነሣበት «ሆድ ይፍጀው» እያለ ዘጋት።

ያቺን እሑድ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቧታል። ስድስት ሰባት ደረጃ ቢቀረው ነው።

ደላላው ሱቅ ያገኘለት ከከተማው ጠርዝ ነው፣ ሁለት አውቶቡስ የሚያስይዝ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ክፍል። እዚያ የሚያውቀው ደንበኛ የለም፤ ቢሆንም ተዋዋለ። የመልቀቂያው ቀን የወንድሙ ልጅ ፈቃድ ወስዳ መጣች፤ ስፖንጁን፣ የጨርቅ ጥቅሉን፣ የስፌት መኪናውን ሸካሚዎቹ ሲጭኑ እሷ መንገድ ላይ ቆማ ታዝዛለች። ቁልፍ ማስረከብ አለና ሶፋ ሠሪው ያን ደረጃ እስከ መጨረሻው ወጣው።

እትዬ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ነበሩ። ቀጥነዋል። ልጃቸው በሩ ጋ ቆሟል።

«መጣህ?» አሉት። «ተቀመጥ።»

«ዕቃ እየተጫነ ነው እትዬ። ቁልፉን ላስረክብዎት ብዬ ነው።»

«ተቀመጥ አልኩህ እኮ።»

ተቀመጠ። እትዬ መንገዱን እያዩ፣ «እኔ አንተን ተቀይሜህ አይደለም» አሉት። «ይህን አውቀህ እንድትሄድ ፈልጌ ነው። ትንሽ ግን ከፍቶኝ ነበር። ሃያ ዓመት ስንኖር፣ እትዬ ልለቅ ነው ብትለኝ ምን እልህ ነበር?»

ሶፋ ሠሪው ቀና አለ። «እኔ ልለቅ?»

«እንግዲህ በዚህ መስኮት እያየሁህ እኮ ነው! እኔ አልጋ ላይ ሆኜ አንተ በየቀኑ ዕቃህን በጋሪ ስታወጣ። መዶሻህ ጠፋ፣ በርህ ግማሽ ተዘጋ። ሌላ ቦታ ሥራ ይዟል አሉኝ። ሊለቅ ፈልጎ፣ ታማለች ብሎ ይሉኝታ ይዞት ነው አልኩ። ታስሮ እንዳይቀር እኔው ልፍታው ብዬ ነው ልጄን የላክሁት።»

«እንዳይረብሽዎት ብዬ ነው» አለ ሰውዬው። «ድምፁ። ልብ ነው ሲሉኝ... ሥራውን አናጢው ጋ ወስጄ ነው የምሠራው። እዚሁ ነበርኩ እኮ እትዬ፤ የትም አልሄድኩም።»

ከታች ሸካሚዎቹ እየተጯጯሁ የስፌት መኪናውን ያወጣሉ።

«ማን ረበሸኝ አለህ?» አሉ እትዬ። «እኔ በዚህ ቤት ብቻዬን ነኝ። ጠዋት መዶሻህን ስሰማ ነው ነጋ የምለው። ድምፅህ ሲጠፋ ከሕመሙ ይልቅ እሱ ነው የጎዳኝ። ብትጠይቀኝ ኖሮ፣ አንድ ቀን ወጥተህ ለምን ብትለኝ ኖሮ...»

«ይኸው ልጠይቅዎት» አለ ሶፋ ሠሪው። ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነበር። እንዲህ ሲናገር ሰምተውት አያውቁም። «አሁን ልጠይቅዎት። እባክዎ ልቅር።»

እትዬ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጁ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ።

«ለመድኃኒት ቤት ሰዎች አከራይቼዋለሁ እማዬ። ፈርመናል፣ ነገ ይገባሉ።» ከዚያ ወደ ሶፋ ሠሪው ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ያኔ የሚሉት ካለ ብዬ ጠብቄዎት ነበር እኮ። እሺ ሲሉኝ እውነትም መሄድ ፈልገዋል አልኩ» አለ።

እውነቱን ነው፣ ማንም አልበደለውም። ቢበድለው ይሻለው ነበር፤ የሚረግመው ሰው አያጣም። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው የእሱን ያዙ። ልጠይቅዎት እመጣለሁ አላቸው። ና አሉት። ሁለት አውቶቡስ እንደሆነ ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

ሲወርድ ዕቃው ሁሉ የጭነት መኪናው ላይ ተጭኖ አልቋል። የወንድሙ ልጅ ገመዱን ስታጠብቅ አየችውና ፊቱ አስደነገጣት።

«ጋሼ፣ ምን ሆንክ? ምን አሉህ?»

«ብትጠይቀኝ ኖሮ አሉኝ» አላት፤ ያን ሁሉ ሸካሚና አላፊ አግዳሚ ሳያፍር፣ የመኪናውን ጎን ተደግፎ አለቀሰ።